ድምፁ ለምን አነሰ? በውድድር የመኪና ሙዚቃ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ላይ የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። ቀኑን ሙሉ መብራትና ዲናሞ ስጠግን ብውልም ልቤ ያለው ሙዚቃው ላይ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቹ ቡፈራቸውን፣ ማለትም የባስ ስፒከራቸውን፣ ጭነው ይመጣሉ። የድምፅ መለኪያ እንደቅናለን፣ ተራ በተራ እንከፍታለን። ሁልጊዜ አንዱ ፊቱ ይጠቁራል። ከጓደኛው ጋር አንድ ዓይነት ዕቃ ገዝቶ የጓደኛው ይበልጠዋል። ወይም ባለፈው ሳምንት የመታው ቁጥር ዛሬ የለም። ጥያቄዎቹ ስለሚመላለሱ እዚህ ሰብስቤ መልሻቸዋለሁ።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ። ምክንያቱን ሳታውቁ ትልቅ አምፕሊፋየር አትግዙ። እኔ ጋ «ድምፅ አነሰኝ» ተብለው ከመጡት መኪኖች አብዛኞቹ ዋት አልጎደላቸውም ነበር። ኃይሉ አለ፤ መንገድ ላይ ይቀራል።

የኔና የጓደኛዬ ዕቃ አንድ ነው። የሱ ለምን ይበልጣል?

መጀመሪያ በአንድ መለኪያ፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ድምፅ ለኩ። የሱን ውስጥ ገብታችሁ ሰምታችሁ የራሳችሁን ውጭ ቆማችሁ ከሰማችሁ ገና አላወዳደራችሁም። በውጭ አገር ውድድሮች፣ ለምሳሌ በዲቢ ድራግ፣ የመለኪያው ማይክ የሚቀመጠው የፊት መስታወቱ ላይ ነው። ቦታው በደንብ የተወሰነ ስለሆነ ማንም ወዲህ ወዲያ አያደርገውም። ምክንያት አለው። ማይኩን አንድ ክንድ ያህል ስታንቀሳቅሱት ቁጥሩም አብሮ ይንቀሳቀሳል። እኛ ጋ ቦታውን በናስትሮ ምልክት አድርገንበታል፤ ማን ለካ፣ መቼ ለካ፣ እዚያው ላይ ነው።

ይህ ተስተካክሎም ልዩነት ካለ መኪናዎቹን ተመልከቱ። የሱ ቪትዝ፣ የናንተ ዲኤክስ ከሆነ መልሱ ተገኘ። ቪትዝ ውስጥ የቡፈሩ ሳጥን ከሰው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነው ያለው። ዲኤክስ ላይ ግን ሳጥኑ የኋላ ኮፈን (ዕቃ መጫኛው) ውስጥ ተዘግቶበት፣ በመሀል ወንበርና ቆርቆሮ አለ። ባሱ መጀመሪያ ኮፈኑን ያንቀጠቅጣል፤ ወደ እናንተ የሚደርሰው የተረፈው ነው።

የመኪናው ስፋትም ራሱን የቻለ ነገር ነው። የ40 ኸርዝ (በሰከንድ 40 ጊዜ የሚርገበገብ) ድምፅ የሞገዱ ርዝመት 8 ሜትር ተኩል ያህል ነው። እንኳን ቪትዝ፣ ሃይሩፍም ውስጥ አይዘረጋም። ስለዚህ በዝቅተኛው ባስ ላይ የመኪናው አየር ልክ ብስክሌት ፓምፕ ውስጥ እንዳለ አየር ይጨመቃል፣ ይለቀቃል። አንድ ዓይነት ቡፈር ጠባብ ቦታ ውስጥ የበለጠ ይጨምቃል። ቪትዙ የሚያሸንፈው ለዚህ ነው።

ዲኤክስ ያላችሁ አብሽሩ፣ መፍትሔ አለው። የኋላ ወንበሩን መደገፊያ አውጡት። የሳጥኑን ፊትና የአየር ቀዳዳውን ወደ ውስጥ አዙሩት። ከዚያ በሳጥኑና በመኪናው አካል መሀል የቀረውን ክፍተት በጠንካራ ስፖንጅና በጣውላ ድፈኑት፤ አየሩ ወደ ኮፈን እንዳይመለስ። በዚህ ብቻ የተቀየረ መኪና በዓይኔ አይቻለሁ።

ስልኬ ላይ ያለው መለኪያ ይታመናል?

ለውድድር አይታመንም። የስልክ ማይክ የተሠራው ለሰው ድምፅ ነው። ዝቅተኛውን ባስ ይቆርጠዋል፤ ድምፁ ሲበዛበት ደግሞ ይታፈንና ከዚያ በላይ አይቆጥርም። ሁለት መኪና በጣም እየተለያየ ስልኩ አንድ ዓይነት ቁጥር የሚያሳየው ለዚህ ነው።

ከገበያ የተገዛ የእጅ መለኪያ ካላችሁ ደግሞ ኤ እና ሲ የሚሉትን ምርጫዎች እዩ። ኤ የሰው ጆሮ ለስለስ ያለ ድምፅ የሚሰማበትን መንገድ ስለሚከተል ባሱን ይቀንሰዋል። 50 ኸርዝ ላይ 30 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት የሚለካበት ነው) ያህል ይጥላል። ሲ ግን እዚያው ቦታ ላይ የሚቀንሰው 1 ዴሲቤል ገደማ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ሁለት ልጆች በዚህ ብቻ ሊጣሉ ደርሰው ነበር። የአንዱ መለኪያ ኤ ላይ፣ የሌላው ሲ ላይ ነበር።

1 ዴሲቤል ያን ያህል ያጨቃጭቃል?

ለጆሮ ብዙም አይደለም። ለውድድር ግን በአስረኛ ቤት ነው ሰው የሚሸናነፈው።

ሒሳቡን መያዝ ይጠቅማል። ኃይሉን እጥፍ ስታደርጉት የሚጨመረው 3 ዴሲቤል ነው። አስር እጥፍ ስታደርጉት 10 ዴሲቤል ይጨምራል፤ ጆሯችን ደግሞ ይህንን «እጥፍ ጮኸ» ብሎ ነው የሚሰማው። ከ1000 ዋት ወደ 1200 ዋት የሄደ ሰው ያተረፈው 0.8 ዴሲቤል ነው። ብር አውጥታችሁ አምፕሊፋየር ከመቀየራችሁ በፊት ይህችን ቁጥር አስቧት። ያንኑ 0.8 አንድ የላላ ብሎን ሊበላው ይችላል። ቀጣዩ ጥያቄ ስለዚያ ነው።

ባለፈው የመታሁትን ቁጥር አጣሁት። ከየት ልጀምር?

ከቮልት። ሌላ ነገር ከመንካታችሁ በፊት ቴስተር አውጡ።

ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ ከሐይቅ ከተማ ኮሮላውን ይዞ መጣ። ከጥቂት ወራት በፊት ከመታው ቁጥር አንድ ዴሲቤል ያህል ወርዶበታል። አምፕሊፋየሩ ደክሟል ብሎ ሌላ ሊገዛ ብር ሁሉ ይዟል። «ወንድሜ፣ እስቲ አንድ ጊዜ እንየው» አልኩት። ሙዚቃውን አስከፍቼ ባትሪው ላይ ለካሁ፤ 12.4 ቮልት። አምፕሊፋየሩ ላይ ለካሁ፤ 11.1። ባትሪውና አምፕሊፋየሩ መሀል 1.3 ቮልት ጠፍቷል ማለት ነው።

የት እንደጠፋ ማወቅ ቀላል ነው። የቴስተሩን አንዱን ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን አምፕሊፋየሩ ፖዘቲቭ ላይ አደረግሁ። ሙዚቃው እየጮኸ 0.3 አሳየኝ። ይህ ደህና ነው። ወደ ኔጌቲቩ ዞርኩ፤ አንዱ ጫፍ አምፕሊፋየሩ ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላው ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ። 1 ቮልት። ሌባው ተያዘ።

የኋላ ወንበሩን አነሳነው። የኔጌቲቩ ገመድ በአንድ ብሎን ወለሉ ላይ ታስሯል። ብሎኑን ፈታነው። ከሥሩ የመኪናው ቀለም እንዳለ ነው። ማንም አልፋቀውም። በቀለሙ ዙሪያ ቡናማ የዝገት ቀለበት ሠርቷል፤ የገመዱ ጫፍ ደግሞ ሰማያዊ ሆኗል፣ ግለቱ ቀለሙን ቀይሮታል። ልጁ ራሱ በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ፋቀው። በጠርዘኛ ቀለበት አጥብቀን አሰርን፣ ዝገት እንዳይመለስ ከላይ ግራሶ ቀባነው። እንደገና ስንለካ ኔጌቲቩ ላይ የሚጠፋው 0.1 ሆነ። ቁጥሩም ወደ ነበረበት ሊመለስ ጥቂት ቀረው። የቀረችውን ደግሞ ባትሪውን አስሞልቶ አገኛት። ልጁ የያዘውን ብር ይዞ ወደ ሐይቅ ተመለሰ።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ሙዚቃው በሙሉ ድምፅ እየሠራ ለኩ፤ ዝም ባለ መኪና ላይ ሁሉም ነገር ጤነኛ ይመስላል። በሁለቱ ገመዶች የሚጠፋው ተደምሮ ከግማሽ ቮልት ባይበልጥ ጥሩ ነው። ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 አካባቢ ያሳያል። ሞተሩ ተነስቶ ዲናሞው ሲሞላ ከ13.8 እስከ 14.4 ይሆናል። ያ ካልሆነ የዲናሞውን ቺንጋ እዩ፤ ላልቶ ይሆናል። ብዙ አምፕሊፋየሮች ቮልቱ ሲወርድ ኃይላቸው በፍጥነት ይወርዳል። ከ14.4 ወደ 12 የወረደ 1.6 ዴሲቤል ያጣል። የባትሪው ጫፍ ላይ ነጭ ዱቄት ካለ በሞቀ ውሃ እጠቡት፤ ግን መጀመሪያ ኔጌቲቩን ፍቱ፣ ዓይናችሁንም ጠብቁ።

ስለ ገመድም ላንሳ። ገበያ ላይ መዳብ መስሎ ውስጡ አሉሚኒየም የሆነ ገመድ ሞልቷል። አሉሚኒየሙ ላይ መዳብ ተቀብቶበት ነው። አንዲት ክር አውጡና በምላጭ ፋቅ ፋቅ አድርጓት። ውስጧ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው። ክፉ ነገር አይደለም፣ ግን ከንጹሕ መዳብ ያነሰ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ ወፍራሙን መግዛት አለባችሁ። 5 ሜትር ባለ 4 ጌጅ መዳብ 200 አምፒር ሲያልፍበት 0.8 ቮልት ይበላል። ከሱ የሚወፍረው ዜሮ ጌጅ ቢሆን 0.3 ነው። አሉሚኒየም ሲሆን ሁለቱም ላይ ግማሽ ያህል ጨምሩበት።

ኮምቦልቻ ላይ የሚመታው ደሴ ላይ ለምን ያንሳል?

ይህን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ። ወሎ ውስጥ ካልሆነ ማን ይጠይቀዋል? ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ተነድቶ አየሩ ሌላ ነው።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ጠመዝማዛውን ስትወርዱ ጆሯችሁ ድፍን ይላል አይደል? ምራቅ ስትውጡ ይከፈታል። ያ የአየር ግፊት ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ኮምቦልቻ 1850 ገደማ። የደሴ አየር ግፊት የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ የኮምቦልቻው 80 በመቶ ይደርሳል። ቡፈሩ ደግሞ የሚጨምቀው ያንኑ አየር ነው። አየሩ ሲሳሳ፣ የቡፈሩ ወረቀት (ፊቱ ላይ የሚርገበገበው) እኩል ቢወጣ ቢገባ እንኳ የሚፈጥረው ግፊት ያንሳል። በሁለቱ ከተሞች መሀል ልዩነቱ ከግማሽ ዴሲቤል ትንሽ ያልፋል። ከባሕር ወለል ጋር ስናወዳድር ደሴ ሁለት ዴሲቤል ተኩል ያህል ታጣለች። ዩቲዩብ ላይ የባሕር ዳርቻ ከተማ ልጅ በናንተው ዕቃ በልጦ ስታዩ ልባችሁ አይሰበር።

ግን ልዩነቱ ሁለትና ሦስት ዴሲቤል ከሆነ ከፍታ ላይ አታሳቡ። ሌላ ነገር አለ። ብዙ ጊዜ ሙቀቱ ነው። ድምፅ በቀዝቃዛ አየር ቀስ ይላል። ደሴ ጠዋት 10 ዲግሪ ላይ ፍጥነቱ በሰከንድ 337 ሜትር ነው። ኮምቦልቻ ከሰዓት 30 ዲግሪ ላይ 349 ይሆናል። የሳጥኑ የአየር ቀዳዳም፣ የመኪናው ክፍልም የሚያስተጋቡበት ድምፅ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ኮምቦልቻ ላይ መኪናችሁ 50 ኸርዝ ላይ በደንብ የሚመታ ከሆነ ደሴ ጠዋት 48 አካባቢ ፈልጉት። ብዙ ልጅ ግን አንድ ቀን ያገኘውን ኸርዝ ይዞ በየቦታው ያንኑ ይከፍታል። ከዚያ «መኪናዬ ታመመ» ይላል። መኪናው አልታመመም፤ የሚመታበት ኸርዝ ነው የሸሸው። ከ40 እስከ 60 ኸርዝ በ1 ኸርዝ ልዩነት የተቀዳ መሞከሪያ ፍላሽ ላይ ጫኑ። በደረሳችሁበት ቦታ ሁሉ በአጭር በአጭሩ እየከፈታችሁ ጫፉን ፈልጉ። አስር ደቂቃ አይፈጅም።

ደሴ ላይ ሌላም ነገር አለ። ብርድ ያደረበት ባትሪ ሰነፍ ነው። ከመለካታችሁ በፊት ሞተሩን አስነስታችሁ ትንሽ ሂዱበት።

ሁለተኛ ቡፈር ጨመርኩ፣ ድምፁ ቀነሰ። እንዴት ይሆናል?

ይሆናል። በሦስት መንገድ።

የመጀመሪያው አንዱ ተገልብጦ መታሰሩ ነው። አንዱ ወረቀት ወደ ውጭ ሲገፋ ሌላው ወደ ውስጥ ይስባል። አየሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራል፤ እናንተ ጋ የሚደርስ የለም። መሞከሪያው የሬዲዮ ድንጋይ ነው። አምፕሊፋየሩን አጥፉ፣ ገመዱን ከአምፕሊፋየሩ ንቀሉ። የድንጋዩን ፖዘቲቭ ከቡፈሩ ፖዘቲቭ ገመድ፣ ኔጌቲቩን ከኔጌቲቩ ለአንድ አፍታ አነካኩ። ወረቀቱ «ጡብ» ብሎ ወደ ውጭ መውጣት አለበት። ሁለቱም ቡፈር ወደ አንድ አቅጣጫ ካልወጡ አንዱን ገልብጡ። ባለ ሁለት ኮይል (ወረቀቱን የሚያንቀሳቅሰው የሽቦ ጥቅል) ቡፈር ከሆነ እያንዳንዱን ኮይል ለየብቻ ሞክሩት። በአንድ ቡፈር ውስጥ ሁለቱ ኮይሎች ከተቃረኑ ወረቀቱ ጭራሽ አይንቀሳቀስም፣ ኮይሉ ግን ይጋያል።

ሁለተኛው ኦሙ፣ ማለትም የኮይሉ ተቃውሞ፣ ነው። በፊት አንድ ባለ ሁለት ኮይል 2 ኦም ቡፈር በትይዩ ታስሮ 1 ኦም ላይ ይሠራ ነበር እንበል። አሁን ሁለት ሆነው 2 ኦም ላይ ከታሰሩ አምፕሊፋየሩ የሚሰጠው ኃይል ወደ ግማሽ ሊጠጋ ይችላል። ሁለተኛው ቡፈር ያመጣውን ጥቅም ይበላዋል። ኦሙን ለማውረድ ብላችሁ ደግሞ አራቱንም ኮይል በትይዩ አትሰሯቸው። 0.5 ኦም ይሆናል፤ ለዚያ ያልተሠራ አምፕሊፋየር ይቃጠላል።

ሦስተኛው ሳጥኑ ነው። ለአንድ በተሠራ ሳጥን ውስጥ ሁለተኛ ካስገባችሁ ለእያንዳንዱ የደረሰው ቦታ ግማሽ ነው።

ሳጥኑን አናጢ ቤት አሠርቻለሁ። ልኩን ሰጥቻቸው ነበር፣ ግን ባሱ ደረቅ ሆነ።

ልኩን ከውጭ ነው ወይስ ከውስጥ የሰጣችሁት? አብዛኛው ስህተት እዚህ ጋ ነው። 40 በ50 በ60 ሳንቲ ሜትር ብላችሁ ሰጣችሁ እንበል፤ 120 ሊትር ይመስላችኋል። አናጢው ያንን የውጭ ልክ አድርጎ ባለ 18 ሚሊ ጣውላ ከሠራው ውስጡ የሚቀረው 95 ሊትር ነው። ከዚያ ላይ ቡፈሩ ራሱና የአየር ቀዳዳው የሚይዙትን ቀንሱ። 25 ሊትር ሲጎድል የሳጥኑ ድምፅ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጥልቁ ባስ ይጠፋል። አናጢው ጥፋት የለበትም። ቁም ሣጥን የሚሠራ ሰው የሚለካው የውጩን ነው። ስለዚህ «ጋሼ፣ ይህ የውስጥ ልክ ነው» ብላችሁ ወረቀቱ ላይ ጻፉላቸው።

ቺፑድ አታሠሩ። ብሎኑ ይላላል፣ እርጥበት ሲነካው ያብጣል። ጥሩ ኮምፔርሳቶ ወይም ኤምዲኤፍ ይሁን።

ከዚያ አየር ማፍሰሱን ፈትሹ። እኔ በጧፍ ነው የማየው። 30 ኸርዝ በመጠነኛ ድምፅ ከፍታችሁ የበራ ጧፍ በመጋጠሚያዎቹና በቡፈሩ ዙሪያ ቀስ እያላችሁ አዙሩ። ሳጥኑ ከመኪና ውጭ ይሁን፣ ስፖንጅና ጨርቅ ርቆ። አየር ያለበት ቦታ ነበልባሉ ይርገበገባል። በቪናቪልና በመጋዝ ዱቄት፣ ካልሆነም በሲልኮን ድፈኑት። ሲልኮኑ ሳይደርቅ ቡፈሩን አትግጠሙ።

የአየር ቀዳዳው ፉጨት ካለው ጠቧል ወይም ጠርዙ ስለታም ነው። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አክቡት።

አምፕሊፋየሬ ላይ 5000 ዋት ተጽፏል። የጓደኛዬ 1000 ይላል። እንዴት ይበልጠኛል?

የተጻፈውን ትታችሁ ፊውዙን አንብቡ። ሁለት ባለ 30 ፊውዝ ካለው 60 አምፒር ነው። በ13.8 ቮልት ስታባዙት 828 ዋት ይሆናል። ይህ ከባትሪ የሚወስደው ነው። ክላስ ዲ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ከዚህ ውስጥ 80 በመቶ ገደማ ወደ ቡፈሩ ያልፋል፤ 660 ዋት አካባቢ። 5000 ዋት የሚወስድ ዕቃ በሁለት ቀጭን ፊውዝ አይኖርም።

ጌኑን ጥግ ድረስ ባዞረውስ?

ጌን የድምፅ መጨመሪያ አይደለም። ከቴፑ የሚመጣውን ከአምፕሊፋየሩ ጋር ማስታረቂያ ነው። ጥግ ስታደርሱት ድምፁ ይቆረጣል፣ ኮይሉ ይጋያል። ቁጥሩ ትንሽ ሊጨምር ይችላል፤ ቡፈሩ ግን ዕድሜው ያጥራል።

ዘፈን ሲቀየር ድምፁ ከፍ ዝቅ ይላል። ብልሽት ነው?

አይደለም፣ አቀዳዱ ነው። የድሮ ካሴት ዘፈን በለዘብታ ነው የተቀዳው፤ የዛሬው ከጥግ እስከ ጥግ ተሞልቶ ይወጣል። በብሉቱዝና በፍላሽ መሀልም ልዩነት አለ። ለብሉቱዝ ስልኩንም ቴፑንም ከፍ ማድረግ ይኖርባችኋል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። አንዳንዱ ዘፈን ውስጥ ባስ ጭራሽ የለም። ባቲና አምባሰል የኛው ምድር ስም የያዙ ቅኝቶች ናቸው፤ ከትዝታና ከአንቺሆዬ ጋር እኔም ስሠራ የምውለው በነሱ ነው። ግን በማሲንቆና በክራር ብቻ የተሠራ አምባሰል ከፍታችሁ «ቡፈሩ አይሠራም» አትበሉ። ቤዝ ክራር ወይም ቤዝ ጊታር ካልገባበት በስተቀር ድምፃቸው ያለው በአብዛኛው ከ100 ኸርዝ በላይ ነው። ቡፈሩ የሚሠራው ሥራ የለውም። ያኔ ዝም ማለቱ ብልሽት አይደለም። ለውድድር መሞከሪያ ድምፅ፣ ለነፍስ ዘፈን።

መጀመሪያ ላይ በደንብ ይመታል፣ ሦስተኛው ሙከራ ላይ ይወርዳል።

ኮይሉ ሞቋል። መዳብ ሲሞቅ ተቃውሞው ይጨምራል፤ በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ ገደማ። ኮይሉ 100 ዲግሪ ከጨመረ ተቃውሞው 40 በመቶ ያህል አድጓል። አምፕሊፋየሩ ያንኑ ቮልት ቢሰጥም ድምፁ ወደ 3 ዴሲቤል ሊጠጋ ሊወርድ ይችላል። ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ደግሞ ገና ሳይጀምር ሞቋል። ጥላ ፈልጉ። በሁለት ሙከራ መሀል ጥቂት ደቂቃ አሳርፉት፣ ኮፈኑን ከፍታችሁ። ያን ጊዜ ባትሪውም ይሞላል። እያንዳንዱን ሙከራ ከጥቂት ሰከንድ አታስረዝሙ። የተቃጠለ ሙጫ ሽታ ከሸተታችሁ እዚያው አቁሙ።

ጣሪያው ይንቀጠቀጣል፣ ታርጋው ይንጫጫል። ይህ ድምፅ ይቀንሳል?

ታርጋው የሚያመጣው ጫጫታ ብቻ ነው። ጣሪያው ግን በእርግጥ ይቀንሳል። ቆርቆሮው በወጣ በገባ ቁጥር በመኪናው ውስጥ የተጨመቀው ግፊት ይለቀቃል። የፊት መስታወቱም እንዲሁ። በውጭ ከ180 ዴሲቤል በላይ የመቱ መኪኖች ለመንዳት የተሠሩ አይደሉም፤ መስታወታቸው ወፍራም ነው፣ በራቸው በብሎን ይጠፈራል። እኛ እዚያ መድረስ አያስፈልገንም። አንድ ሰው ሙዚቃው ክፍት ሆኖ በመዳፉ ጣሪያውን፣ በሮቹን፣ ኮፈኑን ይዳስስ። በጣም የሚንቀጠቀጠው ቦታ ላይ ቡቲል የሚባለውን ተለጣፊ ምንጣፍ ለጥፉ። የበር ጎማዎቹንም እዩ፤ ያረጀ ጎማ አየር ያፈሳል።

ካትራሜ የሚቀቡ አሉ። እባካችሁ ተዉት። ፀሐይ ሲመታው ይለሰልሳል፣ ሽታው አይለቅም። እዚያ ውስጥ ነው ተዘግታችሁ የምትተነፍሱት።

ከሞከርኩ በኋላ ጆሮዬ ጭው ይላል። ይተወኛል?

አብዛኛውን ጊዜ ይተዋል፤ ግን ጆሮ ተጎዳሁ የሚልበት ቋንቋው ያ ነው። የውስጥ ጆሮ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም። በሥራ ቦታ ደህንነት የሚታወቀው ልክ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው፤ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ውድድር ላይ ያለው ድምፅ ከዚህ በጣም ይርቃል። እኔ ጋ ማንም ሰው መኪና ውስጥ ተቀምጦ አይለካም። መለኪያው ውስጥ ይሆናል፣ እኛ በር ዘግተን ውጭ፣ የጆሮ መድፈኛ አድርገን። ሕፃን አቅፎ ለማየት የሚቀርብ አለ፤ እሱን ሳላርቅ አልከፍትም። ጭውታው በማግስቱ ካልለቀቀ ወይም አንደኛው ጆሮ ድንገት ከደነቆረ ቀን አታሳልፉ፣ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ሰፈርም ሰፈር ነው። አዛን ሲሰማ፣ ቅዳሴ ሲሆን፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል እናጠፋለን። ባስ ግድግዳ አይዘው። ሙከራ ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ሜዳ ላይ ይሻላል።

ምን ምን ልጻፍ?

ደብተር ያዙ፣ በስልክም ይሁን። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩና ጻፉት። ሳጥኑን አዙራችሁ፣ ገመድ ቀይራችሁ፣ ጌን ነክታችሁ በአንድ ቀን ከለካችሁ የቱ እንደጨመረ አታውቁም። የሐይቁ ልጅ ዛሬም የሚጽፈው እንዲህ ነው፤ ባለፈው ጊዜ የላከልኝን ልገልብጥላችሁ፦ «ሐይቅ፣ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ብርድ። ሞተር ተነስቷል። አምፕሊፋየሩ ላይ 13.1 ቮልት። 47 ኸርዝ። መስኮት ዝግ፣ ኋላ ወንበር የለም። ሳጥኑ ወደ ኋላ ዞሯል። ከትናንቱ 0.4 ጨመረ። ነገ ወደ ፊት አዙሬ አየዋለሁ።»